ውሻና ድመት ከሰው ማዕድ

ስለ ሕዝብ አኗኗር የሚጽፉ ሊቃውንት ሰው ምን እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚበላ አጥብቀው ይመረምራሉ። ከማዕዱ የተረፈውን የሚበሉት እንስሳት ግን በጽሑፎቻቸው ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ይሁን እንጂ ስለ ሰው ምግብ ከታወቀው ቁም ነገር ብዙው የተገኘው በውሻ ነው፤ ድመት ደግሞ የውሻው ትምህርት የማይሠራበትን ወሰን አሳይታለች። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1816 ፍራንሷ ማዣንዲ የተባለው የፓሪስ ሐኪም አንድ ውሻ ለይቶ በንጹሕ ስኳርና በተጣራ ውሃ ብቻ ቀለበው። ውሻው በመጀመሪያ ደኅና መስሎ ታየ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከሳ፤ በሦስተኛው ዓይኑ ቆሰለ፤ አንድ ወር ያህል ቆይቶም ሞተ። በወይራ ዘይት ብቻ፥ በቅቤም ብቻ የተቀለቡት ሌሎች ውሾች ዕጣቸው ከዚህ አልራቀም። ነገሩ የድሆችንም ገበታ የሚነካ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከአጥንት ተቀቅሎ የወጣ ጄላቲን በፓሪስ ሆስፒታሎች ለችግረኞች በሥጋ ፈንታ ይሰጥ ነበርና። ማዣንዲ የመራው ጉባኤ በ1841 ባቀረበው ዘገባ፥ በውሾች ላይ የተደረገውን ፈተና ምስክር አድርጎ፥ ጄላቲን ብቻውን ሕይወትን እንደማይጠብቅ አስታወቀ። እንግዲህ ስለ ድሃው የተከራከረው የተራበ ውሻ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላም ነገሩ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ኤድዋርድ ሜላንቢ በ1919 እንዳስረዳው፥ በለንደን ከቤት ሳይወጡ በአጃ የተቀለቡ ቡችሎች አጥንታቸው ሲጎብጥ፥ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት የተጨመረላቸው ግን ከዚህ ሕመም ዳኑ፤ የሕፃናት ሪኬትስ ምስጢርም በዚህ ተገለጠ። በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም በአሜሪካ የውሻን የጥቁር ምላስ በሽታ በኒኮቲኒክ አሲድ ፈወሰ፤ በቆሎ በሚበሉ ድሆች ላይ የበረታው የፔላግራ መድኃኒትም ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ውሻ ለሰው ምስክር ሊሆን የቻለው ለብዙ ሺህ ዓመት የሰውን ፍርፋሪ ስለ በላ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳተሙት፥ ስታርችን የሚፈጨውን ንጥረ ነገር የሚያሠራው ዘር በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፥ በውሻ ግን ከአራት እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ስለዚህ ውሻ ፕሮቲኑ፥ ስቡ፥ ካልሲየሙና ቪታሚኑ ከተሟላለት እህልም ይስማማዋል።

ድመት ግን ወደ ሰው የቀረበችው ማዕዱን ፈልጋ ሳይሆን የእህሉን ሌባ አድና ነው። በቆጵሮስ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ ዕድሜዋም 9,500 ዓመት ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ምግቧ አይጥ ስለ ሆነ፥ ሰውነቷ በሥጋ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን ራሱ መሥራት አልተማረም። ከካሮት ቪታሚን ኤ አታወጣም። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ከአንድ ጊዜ ምግቧ ቢጎድል እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አሞኒያ በደሟ ተጠራቅሞ ትታመማለች። በ1975 ደግሞ ታውሪን የጎደላት ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ ታወቀ፤ በ1987 የልቧም ሕመም ከዚሁ ጉድለት እንደሚመጣ ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ የታመሙት ድመቶች፥ ባለቤቶቻቸው የተሟላ ነው ብለው ገዝተው የሚሰጧቸውን የፋብሪካ ምግብ የሚበሉ ነበሩ፤ ፋብሪካዎቹም ታውሪኑን የጨመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በገጠር ቤት ውሻው የእንጀራ ፍርፋሪና አጥንት ሲጣልለት፥ ድመቲቱ በጎተራው ዙሪያ ራሷን ትችላለች። ሥጋና ወተት ከቤት በሚርቁበት በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም እንኳ አይጥ አይጾምባትም። በከተማ በፎቅ ቤት ተዘግታ ሽሮ በእንጀራ የሚሰጣት ድመት ግን ይህ መጠጊያ የላትም፤ እኔ እንደማየው ከገጠሯ ይልቅ በእውነት የጾመችው እርሷ ናት። በዚህም ላይ የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ አፍርሶ ደም ማነስ እንደሚያመጣ በ1930 ታትሟል፤ ድመትን ደግሞ ከውሻ ይልቅ ይጎዳል፤ መቀቀሉም መርዙን አያጠፋውም።