ድጥና ማጥ፤ ከጋፋት ጋሪ እስከ ላንድሮቨር ጎማ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ስለ ጎማ እጽፋለሁ ባልኩ ጊዜ ግን ክፍሉ በሙሉ ሣቀብኝ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «ጎማ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ታሪክስ አለው። እንዲያውም ከዚህ ከአንበሳሜ ብዙ ሳይርቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የሚጀምር ታሪክ አለው። ክቡራን አንባቢዎቼ ጥቂት ቢታገሡኝ ንጉሡንም ጦርነቱንም ከጎማው ጋራ ያገኟቸዋል።

ነገሩ ወደ ልቤ የገባው በአጎቴ መኪና ምክንያት ነው። አጎቴ ከእኔ ዕድሜ ከእጥፍ በላይ የሆነች አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። በበጋ እህልና ሰው ያመላልሱባታል፤ በክረምት ደግሞ ሌላው መኪና ሁሉ ሲቆም፣ በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሰው እርሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ «ዘመናዊ ነው፤ ጭቃ አይበግረውም» ብሎ ሰፋፊ ጎማዎች ሸጠላቸው። በእውነቱ መኪናዋ ደረቷን ነፍታ የቆመች ወይፈን መስላ አማረች። እኔም አብሬ አድንቄአለሁና አሁን ብቻዬን ብልኅ ነበርኩ ለማለት አልችልም።

ከሁለት ክረምት በፊት በሐምሌ ወር ምጥ የጠናባትን ሴት ይዘን አንድ ቁልቁለት ስንወርድ፣ መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራታ ወደ ጎን ሄደችና በቦዩ ውስጥ ተጋደመች። ጭቃው ጥልቅ አልነበረም፤ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ከሥሩም ጠንካራ ኮረት ነበረ። ሰፊው ጎማ ግን በጭቃው ላይ ተንሳፈፈ እንጂ ወደ ኮረቱ አልደረሰም። የሴትዮዋ ወንድሞች ቃሬዛ ሠርተው በዝናብ ተሸክመዋት ሄዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ደረሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ልጁም እናቱም ዳኑ። አጎቴ ግን ያን ዕለት ማታ እራት አልቀመሱም። በማግሥቱ ጠሩኝና «አንተ የተማርክ ነህ፤ ይኸ ጎማ የበደለን ምኑ ላይ እንደ ሆነ ፈልግልኝ» አሉኝ። ይኸ ጽሑፍ እንግዲህ ለእርሳቸው የምሰጠው መልስ ነው።

አባቶቻችን «ከድጡ ወደ ማጡ» ሲሉ ሁለቱን ለይተው ነው። ድጥ ማለት ላዩ ያሟለጨ፣ ሥሩ ግን የጠና መሬት ነው። ማጥ ማለት ረግጠው ረግጠው ሥር የማያገኙለት ነው። ሰው ሁሉ ሁለቱን በአንድ ቃል ጭቃ ይላቸዋል፤ ለጎማ ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው። በድጥ ላይ ጎማው የላዩን ልስላሴ ሰንጥቆ ጠንካራውን መንከስ አለበት። ስለዚህም ጠባብ ጎማ ይሻላል። በማጥ ላይ የሚነከስ ነገር የለምና ሰፊ ሆኖ መንሳፈፍ ይሻላል። በቅሎን ተመልከቱ፤ ኮቴዋ ጠባብ ስለ ሆነ በድጥ ቁልቁለት ጭነት ይዛ ትወርዳለች። ግመል መዳፉ ሰፊ ስለ ሆነ በአሸዋ ላይ ይሄዳል፤ በጉና አቀበት በክረምት ላውጣው ቢሉት ግን ጌታው ያለቅሳል።

በሒሳብም ቢሆን እንዲሁ ነው። መኪናዋ ከነጭነቷ 2000 ኪሎ ብትመዝንና አራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈሉት፣ እያንዳንዱ 500 ኪሎ ይሸከማል። በጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ የሚገፋ ከሆነ፣ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ወደ 250 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ይኸ ስፋት ለጠባቡም ለሰፊውም ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በቅርጹ ነው። ባለ 25 ሳንቲ ሜትሩ ጎማ አሻራው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ ባለ 15ቱ ግን ወደ 17 ሳንቲ ሜትር። ሰፊው እንደ ተጋደመ ሰሌዳ ጭቃውን ከፊቱ እየገፋ ይሄዳል፤ ጠባቡ እንደ ማረሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከኋላ ያለውም ጥርስ የፊተኛው በጠረገው ላይ ይቆማል። የጎማው ግድግዳ ራሱ ጥቂት ስለሚሸከም ሒሳቡ በልክ የተለካ አይደለም፤ ነገሩን ለማሳየት ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ጋፋት እንመለስ። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪስኮና ማሠልጠኛ የመጡትን እነ ዋልድማየርንና እነ ሳልሙለርን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋራ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ የመጡ ሰዎች መድፍ ሲያቀልጡ መዋላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከብዙ ድካም በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። ከላይ ባደረግነው ሒሳብ የአጎቴን መኪና ከነጭነቷ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህላል ማለት ነው።

መድፍ ማቅለጡ የሥራው ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ ማጓጓዙ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከባዱም ይኸኛው ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በጋሪ አስጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ትልቁን መድፍ ብቻ 500 ያህል ሰዎች ይጎትቱት እንደ ነበር ተጽፏል። መንገድ አልነበረምና መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ዘቢጥን አልፈው፣ ዋድላን ተሻግረው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን አልፈው፣ በሽሎን አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ወደ ስድስት ወር ፈጅቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኞቹ ጋራ ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። በኋላ የመጡት እንግሊዞችም ያን መንገድ አይተው ሥራውን አድንቀው ጽፈዋል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ስለ ጀግንነቱ ይናገረዋል። እኔ ግን ወራቱን እንድትቆጥሩ እለምናችኋለሁ። ንጉሡ ጉዞ የጀመሩት ክረምቱ ከወጣ፣ መስከረም ካለቀ በኋላ ነው፤ የደረሱትም የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ነው። እንዲያ ያለ ክብደት በጋሪ መንኮራኩር ላይ ተጭኖ በሐምሌ ቢነሣ ኖሮ፣ ከደብረ ታቦር ሳይርቅ እስከ ወገቡ በሰመጠ ነበር። ንጉሡ መንኮራኩሩን ለመሬቱ ማስማማት ስላልቻሉ፣ መሬቱን ለመንኮራኩሩ አስማሙት፤ ወቅቱን መረጡ፣ ድንጋይ ፈልጠው አነጠፉ። ባላጋራቸው ጄኔራል ናፒየር ደግሞ በባሕሩ ዳር ከዙላ ጀምሮ አጭር የባቡር ሐዲድ ቢዘረጋም፣ በደጋው ላይ ከባዶቹን መድፎች በዝሆን፣ ቀላሎቹን በበቅሎ አስጫነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁና አልመለስበትም። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው።

የጠባብና የሰፊ መንኮራኩር ክርክር በአውሮፓም አሮጌ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1753 በወጣ ሕግ፣ በታላላቆቹ የቀረጥ መንገዶች ላይ የሚሄዱ ከባድ ጋሪዎች 9 ኢንች ስፋት ያለው መንኮራኩር እንዲኖራቸው ታዘዘ። ምክንያቱም ጠባቡ መንኮራኩር መንገዱን እየሰነጠቀ አበላሸው። ይኸ ነገር ለእኛም ይሠራል፤ ጠባብ ጎማ በዳገት ላይ የቀደደውን ፈር የነሐሴ ጎርፍ ያገኘውና ቦረቦር ያደርገዋል፤ ገበሬውም እርሻውን ሲበላበት ሾፌሩን ይረግማል። ሕጉን ያወጡት ግን ለመንገዱ ያሰቡ ሰዎች እንጂ በቦይ ውስጥ ለተጋደመው ባለ ጋሪ ያሰቡ አይመስለኝም።

አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና በዓለም ላይ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አሜሪካኖች ከ600,000 በላይ ጂፕ ሠሩ፤ ጎማውም 6.00 በ16 የሚባለው ነበር፤ ይኸውም ስፋቱ 6 ኢንች፣ የቸርኬው ቁመት 16 ኢንች ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ ባለው እርሻው በአሮጌ ጂፕ ይሠራ ነበርና፣ እርሱን የሚተካ መኪና አሰበ። ላንድሮቨር በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። ብረት በመታጣቱ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ጎማው ግን ያው 6.00 በ16 ሆነ። ረዥሞቹ ላንድሮቨሮች በኋላ 7.50 በ16 አደረጉ፤ እርሱም ቢሆን 19 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዛሬው ዐይን ጠባብ ነው። እነዚያ መሐንዲሶች ሰፊ ጎማ አጥተው አይደለም። ዝናብ የበዛበት እርሻ፣ ላዩ ጭቃ ሥሩ ድንጋይ የሆነ መሬት ያውቁ ነበር፤ ያም መሬት የእኛን ደራና ፋርጣን ይመስላል። በተጨማሪም የእነዚያ መኪናዎች መሪ ያለ ሞተር ርዳታ በክንድ ብቻ የሚዞር ስለ ሆነ፣ ሰፊ ጎማ ሲገጠምለት ይከብዳል፤ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግም ከአቅሙ በላይ እየተጠመዘዘ ይሰበራል። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሰብረዋል።

ሰፊው ጎማ የት ይመሰገናል ቢባል፣ ከእኛ ርቆ በሊቢያ በረሃ ነው። የእንግሊዙ መኮንን ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በፎርድ መኪና ያን አሸዋ ሲያስስ፣ የጎማ ንፋስ መቀነስን አስተማረ፤ በ1940 ላቋቋመውም የበረሃ ጓድ ሰፋፊ ጎማዎች አስገጠመ። አሸዋ ማጥ ነውና ትክክል ነበር። ሰፊ ጎማ የሚሸጥልን ነጋዴ የሚያሳየን ሥዕል የበረሃ ሥዕል መሆኑን ያስተዋልኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ነገር ግን ለጠባቡ ብቻ ጥብቅና መቆም አይገባኝም። ከሐሙሲት ወዲያ ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ ሰው ሌላ አገር ያገኛል። የፎገራ መረሬ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያብጥና ሥር የሌለው ማጥ ይሆናል። እዚያ ጠባብ ጎማ እንደ ቢላዋ ሰንጥቆ ይገባል፤ ሰንጥቆም የሚያርፍበት ስለማያገኝ መኪናው በሆዱ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ በሬ ጠምዶ መጎተት ነው። ይህን ለአጎቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ «እንግዲያ ሁለት ዐይነት ጎማ ግዛ ልትለኝ ነው?» ሲሉ ተቆጡኝ። «አይደለም አጎቴ፤ እርስዎ በክረምት በሽተኛ የሚያመጡት ከዳገቱ ነው እንጂ ከፎገራ አይደለም። ከማጡ ላይ ሰፊ ጎማም ቢሆን አያዛልቅዎትም፤ በዋናው መንገድ ይዙሩ» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም ሰፊዎቹን ለመሸጥ ገዢ መፈለግ ጀመሩ።

ችግሩ ጠባቡ ጎማ እንደ ልብ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። በየሱቁ የተደረደረው ለዘመናዊ መኪና የሚሆን ሰፊ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ 7.50 በ16 አራት ጎማ ከየቦታው አፈላልጎ አገኘላቸው፤ ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ግን ጥቂት የተሠራባቸው ናቸው። አዲሶቹን ከፊት ወይስ ከኋላ እንግጠም በሚለው ላይ አጎቴና ጎሚስታው ሲከራከሩ አመሹ። አጎቴ በቁልቁለት የሚመራት የፊተኛው ነው አሉ፤ ጎሚስታው ደግሞ ያን ዕለት ወደ ጎን የሄደው ኋላዋ መሆኑን አስታወሳቸው። በመጨረሻ ጎሚስታው ረታ፤ አዲሶቹ ከኋላ ተገጠሙ። እነሆ ይህን ስጽፍ ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ በጉና ላይ ደመናው መቆም ጀምሯል፤ ከዚያ ቁልቁለት በታች ካለው ቀበሌም ሐምሌ የምትወልድ ሴት እንዳለች ለአጎቴ ከአሁኑ ተነግሯቸዋል።