ሥርጭተ ውሱን፦ ለአንድ ቁራ እስከ ያቤሎ

ወፍ ለማየት ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሰዎች ካርታ ዘርግተው ሲማከሩ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቃል አለ፤ «ሪስትሪክትድ ሬንጅ»። በአማርኛ እያወሩም እንዳለ ነው የሚጠሩት። እኔ እዚህ «ሥርጭተ ውሱን» እለዋለሁ። መለኪያውን ያወጣው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የተባለው የአዕዋፍ ጥበቃ ድርጅት ሲሆን፣ ፍቺው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1800 ወዲህ ይራባበት የነበረው መሬት ሁሉ ተደምሮ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የወፍ ዝርያ ሥርጭተ ውሱን ይባላል። ኢትዮጵያ ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ ስለዚህ ነገሩ የአገሪቱን አንድ ሃያኛ እንኳ የማይሞላ ቦታ ላይ ስለሚኖር ፍጥረት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች አንድ አካባቢ ከተገናኙ ቦታው ራሱ በዓለም ካርታ ላይ ተለይቶ ይሰመርበታል። ቦረናና ሊበን በዚህ መንገድ ከተሰመረባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

ቃሉን ወደ አማርኛ ለማምጣት መጀመሪያ የሚቀርበው «ጠባብ» ነበር። «ጠባብ ሥርጭት» ቢባል ማንም ይገባዋል። ግን «ጠባብ» የሚለው ቃል በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ስንት ዓመት ስድብ ሆኖ ስለኖረ፣ ምንም ያላጠፋችን ወፍ በዚህ ስም መጥራት አልፈለግሁም። «ብርቅዬ» የሚለው ደግሞ ለ«ኢንደሚክ»፣ ሌላ ቦታ ለማይገኝ ማለት ነው፣ ተይዟል፤ ያውም ሳይመቸው። «ሀገር በቀል» ከውጭ ያልመጣ ማለት ነው እንጂ ሌላ ቦታ አይገኝም ማለት አይደለም። ልበ ሙሉ፣ እጀ ሰባራ፣ ዓይነ ስውር እያለ ለሚናገር ሰው ሥርጭተ ውሱን ጆሮ አይቆረቁርም። ሲበዙ ሥርጭተ ውሱኖች ይባላሉ፤ ከፊት «ዝርያ» ማስገባት የወደደ ያስገባ።

«ብርቅዬ» ለምን እንደማይመች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይበቃል። ማለዳ በመካኒሳና በላፍቶ ጣሪያዎች ላይ እያንቋረረች የምታልፈው፣ ረጅም መንቁሯ ወደታች የተቆለመመው፣ ከመንጋጋዋ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት አይቢስ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ዛፎቹ ላይ የምትታየው ጥቁር ክንፍ ያላት አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የምታድረው ነጭ አንገት እርግብም እንደዚያው። ፈረንጁ ስንት ሰዓት በርሮ መጥቶ እነዚህን ሲያይ ፎቶ ያነሳል፤ እኛ ደግሞ ቆርቆሮ አቆሸሹብን እንላለን። በየሰፈሩ የሞላን ወፍ ብርቅዬ ብንለው ልጅ እንኳ አያምነንም። እነዚህ የደጋው ወፎች ታዲያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ቢወሰኑም ደጋውን በሙሉ ስለሚያካልሉ ሥርጭተ ውሱን አይደሉም። ቃሉ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው።

ይህን ልዩነት በአንድ ጥያቄ ያስነሳብኝ የኪራይ መኪና ሾፌር ነው። የምንሄደው ለምን እንደሆነ ስነግረው መሪውን ይዞ ዞር አለና «ለቁራ ነው እንዴ ጋሼ ያቤሎ ድረስ የምንወርደው? እዚህ ሳሪስ ሞልቶ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳሪስ ያለው ባለ ወፍራም መንቁር ቁራም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ብዙ አይርቅም። የቦረናው፣ የያቤሎው ቁራ ግን ሌላ ነው። ሰውነቱ አመድማ ነጭ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር ሆኖ ዓይኑን የከበበው ላባ የሌለው ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ጎጆውን በግራር ጫፍ ላይ ከእሾህ ሠርቶ እንደ ኳስ ያድቦለቡለዋል፤ መግቢያው ከላይ ነው። ከብት እየተከተለ ከኮቴ ሥር ነፍሳት ይለቅማል። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ሲሆን ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1938 ነው። የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ ይሉታል።

ተመራማሪዎችን ለዓመታት ያስቸገረው ነገር ይህ ወፍ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአረሮ አካባቢ ጥቂት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ለምን እንደማይሄድ ነበር። ግራሩ ከድንበሩ ባሻገርም ያው ግራር ነው። አፈሩ፣ ከብቱ፣ ሣሩ ልዩነት የለውም። የሚያግደው ተራራ ወይም ወንዝም የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የደረሰበት መልስ ሙቀት ነው። ወፉ የሚኖርበት ቦታ አማካይ የሙቀት መጠን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው መሬት በሙሉ ከዚያ ይበልጣል። ዓይን የማያየው አጥር ማለት ይህ ነው። በኋላ የተደረጉ ምልከታዎች አጥሩ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ፤ ቀኑ ሲግል ቁራው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ሥር ይሸሸጋል፣ ምግብ መፈለጉን ይቀንሳል። ሙቀት የሚገድለው ሳይሆን ሥራ የሚያስፈታው ነው። ሌሎቹ የአካባቢው ወፎች በዚያው ሰዓት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የዓለም ሙቀት እየጨመረ ከሄደ ይህች ቀዝቃዛ ደሴት እንደምትጠብ የተሠሩት ስሌቶች ያመለክታሉ፤ ቁራው ደግሞ ሽቅብ የሚሸሽበት ተራራ የለውም።

በዚያው አካባቢ የምትኖር ነጭ ጅራት ስዋሎውም አለች፤ ስሟን ከሜጋ ከተማ ወስዳለች። በቦረና ጎጆ ቤት ውስጥ ጣሪያው ሥር ጎጆዋን ስትሠራ ተገኝታለች። ስለዚህ እሷን መፈለግ ከጫካ ይልቅ መንደር ገብቶ ሰላምታ መስጠትን ይጠይቃል።

ከደን ጋር የሚያገናኘን ቱራኮ የተባለ ወፍ ነው። ዩጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ ልዑል በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዞር እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ዕቃው አገሩ ሲደርስ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ማንም ያላየው አንድ ቱራኮ ተገኘ፤ ነገር ግን የት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረበትም። የአዕዋፍ ተመራማሪው ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1896 በልዑሉ ስም ጠራው፤ ወፉ የሚኖርበት ቦታ ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው እንደገና የተገኘው። ዛሬ በአረሮ የጽድ ደን፣ በነገሌ ዙሪያና በገናሌ ወንዝ ዳር ሾላ ሲያፈራ ይታያል። ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ክንፉ ቀይ ሆኖ ይፈነጥቃል። ቀዩ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ በወፎች ዓለም ይህ ከቱራኮዎች ወገን ውጭ አይታወቅም። አሁን የሚመደብበት ወገን ሳይንሳዊ ስሙ ሜኔሊኮርኒስ ነው፣ የምኒልክ ወፍ እንደማለት። የልዑሉን ስምና የንጉሠ ነገሥቱን ስም አንድ ላይ ተሸክሞ ይበራል፤ ለታሪክ ቀልድ ይህ አይከፋም።

የሊበን ሜዳ ላርክ ግን ቀልድ የላትም። ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ የምትኖር፣ ቀለሟ ከደረቀ ሣር የማይለይ፣ መሬት ላይ የምትፈለፍል ትንሽ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 ተይዛ በ1975 ስም ወጣላት። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ታረሰ፣ ቁጥቋጦ ወረሰው፣ ከብቱም በዛበት፤ ሣሩ እጅግ ሲያጥር ወፏ የምትሸሸግበት አጣች። ከዋናው የአፍሪካ ምድር በዘመናችን የምትጠፋ የመጀመሪያ ወፍ ትሆናለች ተብሎ እስከመፈራት ደርሷል። ቦረናዎች ለጥጆችና ለክፉ ቀን ከልለው የሚያቆዩት የግጦሽ መሬት አለ፤ ካሎ ይሉታል። ጥበቃው የተያዘው በዚሁ ነባር ሥርዓት በኩል ነው፤ ሣሩ ለከብቱም ለወፏም እንዲያገግም። ካሎ የሚለውን ቃል ለመተርጎም መሞከር ጅልነት ይመስለኛል።

ሥርጭተ ውሱን ወፍ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ሂማላያ፣ ከቡታንና ከቲቤት በሚዋሰነው የህንድ አሩናቻል ፕራዴሽ ግዛት፣ ኢግልኔስት በተባለ ደን ውስጥ ቡጉን ሊዮሲክላ የምትባል ወፍ አለች። ራማና አትሬያ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 አይቷት፣ በ2006 ለሳይንስ አስተዋወቃት። ቁጥሯ በጣም ጥቂት ስለመሰለው ወፏን ገድሎ ለሙዚየም መስጠቱን ትቶ፣ በመረብ ተይዛ ከተለቀቀችው ጥቂት ላባና ፎቶ ብቻ አስቀረ። ስሟን የወሰደችው የደኑ ጎረቤት ከሆኑት የቡጉን ሕዝብ ነው።  የእኛ ሩስፖሊም እንደ አትሬያ ተጠንቅቆ ቱራኮው የተያዘበትን ቦታ ወረቀት ላይ ቢጽፍ ኖሮ ሃምሳ ዓመት ባልባከነ።

እንግዲህ ከላፍቶ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ይህን ቃል ሲይዝ ዕቅዱ ይቀየራል። ተራ ጎብኚ ቦታ ይመርጥና ያገኘውን ያያል። ሥርጭተ ውሱን የሚፈልግ ግን ዝርዝር ይጽፍና ለእያንዳንዷ ወፍ ቦታ፣ ከፍታና ወቅት ይፈልጋል። የተለመደው ዙር በሳሪስና በቃሊቲ ወጥቶ በሻሸመኔ ወደ ባሌ ይታጠፋል፤ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለውን የሳነቲ አምባ ተሻግሮ በሐረና ደን ወደ ዶሎ መና ይወርዳል፤ ከዚያ ገናሌን አልፎ ነገሌ፣ ቀጥሎ በመልካ ጉባ የዳዋን ድልድይ ተሻግሮ አረሮና ያቤሎ፤ መመለሻው በዲላና በሐዋሳ ነው። በቀጥታ ቢኬድ ያቤሎ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ወቅቱ የአዲስ አበባን ሰው ያሳስተዋል። እኛ ክረምት ስንል ቦረናዎች በጋ ላይ ናቸው። ቦረና ሁለት ዝናብ አለው፤ ዋናው ገና ይባላል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ ትንሹ ሐጋያ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። የሊበን ላርክ ወንዱ ወደ ላይ እየበረረ የሚዘምረው ዝናብ ሲጥል ስለሆነ፣ በደረቁ ወራት ሄዶ እሷን መፈለግ ሣር ማየት ነው። በዝናቡ ደግሞ ጭቃው መኪና ይይዛል። ለቁራው ይህ ሁሉ አያስጨንቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ያቤሎ መንገድ ዳር አለ፤ ጠዋት ከሙቀቱ በፊት መነሳት ብቻ ነው።

የሚያዝ ዕቃ ብዙ አይደለም። ባለ 8 በ42 መነጽር ይበቃል፤ 8 የሚያቀርብበት እጥፍ፣ 42 የፊቱ መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ወፍ የት እንደሚታይ የሚመራ መጽሐፍ አለ፤ ከሦስቱ ደራሲዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ አስጎብኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ለጀማሪ ጥሩ በር ነው። የአካባቢ አስጎብኚ ግን ከመነጽርም ይቀድማል፤ አረሮ ደን ውስጥ የትኛው ሾላ እንዳፈራ የሚያውቀው እሱ ነው። የመንገዱን ሰላም ከመነሳት በፊት በነገሌና በያቤሎ ካሉ ሰዎች በስልክ መጠየቅ፣ ወረዳ ሲደርሱ ራስን ማስተዋወቅ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ መያዝ ደግሞ ግድ ነው። መንገዱ አይሆንም ከተባለ አለመከራከር፤ ሌላ ወር መምረጥ ነው። ቁራው እንደሁ የትም አይሄድ።