የጎማ ነፋስ ልክ፦ ከውድድር ሜዳ እስከ ነቀምቴና ኡኬ ጎዳና



የታሪክ መምህር ስለ ጎማ ነፋስ ሊናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። የወለጋ ታሪክ ሲነሣ ቀድመው ወደ አእምሯችን የሚመጡት የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና የኦነሲሞስ ነሲብ የትርጉም ሥራ ናቸው። ይሁን እንጂ የአገራችን ታሪክ የመንገድም ታሪክ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚንከባለለው ጎማም የራሱ ታሪክ አለው። ይህን እንድመረምር ያስገደደኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት ለጥናት ወደ ኡኬ ወረድሁ። ነቀምቴ ላይ በማለዳው ብርድ የጎማዎቹን ነፋስ 32 ፒ.ኤስ.አይ. አድርጌ ነበር። ቁልቁለቱን ወርጄ በቀትር ብለካው 36 ሆነ። «ልኩ 32 ነው» ብዬ ትርፍ የመሰለኝን አስተነፈስሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሳልለካ፣ የበቆሎ ጆንያ ጭኜ፣ ሁለት ሰዎችም አሳፍሬ ዳገቱን ጀመርሁ። እኩለ መንገድ ላይ የኋላው ጎማ ፈነዳ፤ መኪናው ወደ ገደሉ አፋፍ ተንሸራትቶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ አፋፍ ቁልቁል ያየሁትን አልረሳም።

ታዲያ ጥፋቱ ምን ነበር? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል።

በነፋስ የሚሞላ ጎማን በመጀመሪያ ያሰበው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ሐሳቡ ከዘመኑ ስለ ቀደመ ተረሳ፤ በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ለብስክሌት ዳግም ሕይወት ሰጠው። በመኪና ላይ የተፈተነው ደግሞ በውድድር ነው። በ1895 የሚሽላን ወንድማማቾች፣ አንድሬና ኤድዋር፣ ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር በነፋስ ጎማ የሚሄድ መኪና ይዘው ቀረቡ። ጎማው በየመንገዱ እየተበሳ አስቸገራቸው፤ ሆኖም ነፋስ መኪናን መሸከም እንደሚችል ለዓለም አሳዩ።

የመኪና ጎማ ወደ አገራችን የደረሰው ብዙ ሳይቆይ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ ሲድሌ የተባለችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በአዲሱ ነገር ተደሰቱ። የዕደ ጥበቡ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የመጣው ከጣሊያኖች ነው። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ሥር አላቸው። ወራሪው ተባረረ፤ ቃላቱ በጋራዦቻችን ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹም አዲስ አበባ ላይ የጎማ ፋብሪካ ተተከለ። መኪናው፣ መንገዱና ጎማው በየተራ ደረሱን። የአለካኩ ዕውቀት ግን በዚያው ልክ አልተስፋፋም፤ ዛሬም ብዙዎቻችን ጎማን በእግራችን መታ አድርገን «ደህና ነው» እንላለን።

አሁን ወደ ኡኬው ቀትር እንመለስ። ነፋስ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ ትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ ነው። ጎማ ሲንከባለል እየታጠፈና እየተዘረጋ ራሱን ያሞቃል፤ የቆላው ሙቀትም ይታከልበታል። መለኪያው የሚያሳየን ደግሞ በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ቆላ ስንወርድ የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ በ700 ሜትር ቁልቁለት ልዩነቱ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። ሙቀቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ 36 ያነበብሁት ቁጥር ጎማው ጤነኛ ለመሆኑ ምስክር ነበር፤ እኔ በሽታ መሰለኝ። ወደ 32 ያወረድሁት ጎማ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ 28 ወረደ። ነፋሱ ያነሰው ጎማ በጭነት ስር ከልክ በላይ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር ይግላል፤ ውስጡ ያለው ድርና ማግም ይላላል። ፍንዳታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ለሙሉ ጭነት ደግሞ የመኪናው ሰሌዳ የሚያዘው ከ32 በላይ ነበር፤ እኔ አላነበብሁትም።

የሚደንቀው፣ ያደረግሁት ነገር በሌላ ቦታ ትክክል መሆኑ ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ሾፌሩ የሚፈልገው የሞቀውን ጎማ ልክ ነው። በብርቱ መጠምዘዝና በፍሬን ጎማው በጥቂት ዙር እጅግ ስለሚሞቅ፣ ተወዳዳሪው በቀዝቃዛው ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ ጥቂት ዙር ነድቶ ይቆማል፤ ትርፉን አስተንፍሶ ይመለሳል። ነፋሱ ከበዛ ጎማው በመሐሉ ብቻ መሬት ይነካና መያዣው ይቀንሳል፤ ካነሰ ጠርዙ ይበላል፤ መሪውም ይዘገያል። አስተዋይ ተወዳዳሪ ግን ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ያስተነፈሰውን መልሶ ይሞላል። የጎዳናው ቁጥር ከዚህ ይለያል። አምራቹ በሾፌሩ በር አጠገብ የሚለጥፈው ልክ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ለቀዘቀዘ ጎማ የተጻፈ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ደግሞ ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚታዘዝለት ልክ አይደለም። እኔ የቀዝቃዛውን ቁጥር ይዤ በሜዳው ሥርዓት ሠራሁ። ቁጥሩም ሥርዓቱም በየቦታቸው ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳተው ማጋባቴ ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ለእናንተ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንድን ሰነድ ከተጻፈበት ጊዜና ሁኔታ ነጥለን ስናነብ የምንሳሳተው እንዲሁ ነው። «32» የሚለው ጽሑፍ መቼ፣ በምን ሙቀት፣ ለምን ያህል ጭነት እንደ ተጻፈ ካልጠየቅን፣ እውነተኛው ቁጥር ራሱ ያሳስተናል።

ለሾፌሮቻችንና ለጎሚስታዎቻችን የምለው አጭር ነው። ጠዋት፣ ከመነሣታችሁ በፊት ለኩ። ከጭነቱ ጋር የሰሌዳውን ልክ አስተያዩ። ቆላ ወርዳችሁ ቁጥሩ ከፍ ቢል አታስተንፍሱ። በጭቃ መንገድ ለመያዣ ብላችሁ ብታስተነፍሱ ግን አስፋልት ከመድረሳችሁ በፊት ሙሉ። መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሕይወት ግን ዋጋ አይወጣለትም።