ኮረሪማ፦ ከነቅርፊቱ የተጓዘ መድኃኒት

በደቡብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ኮረሪማ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ፍሬው ተበስቶ፣ በክር ተሰክቶ፣ እንደ መቍጠሪያ ተንጠልጥሎ ነው። ከጋሞና ከጎፋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት መንገዶች በሚያልፉባት በወላይታ ሶዶም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገዢው ለወጡ ወይም ለሆዱ ሲል ይገዛዋል፤ የሙያ ባልደረቦቻችን ግን ክሩን ልብ እንዲሉት እንወዳለን።

አውሮፓውያን ኮረሪማን ያወቁት በዚሁ ክር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የነበረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቢክ፣ ፍሬው ከዓባይ ማዶ ወደ ባሶ ገበያ እንደሚመጣ፣ ከዚያም በምፅዋ በኩል ወደ ዐረብና ወደ ሕንድ አገር እንደሚሻገር አስታውቋል። በለንደን ጆናታን ፔሬይራ የመረመረውም ከንግድ የተገኘውን ፍሬ እንጂ በጫካ የቆመውን ተክል አልነበረም። ጀርመናዊው ብራውን በ1848 ስም አወጣለት፤ ሹማን ወደ ሌላ ወገን አዛወረው፤ ያንሰን በ1981 ዛሬ የሚጠራበትን ስም አጸናለት። ነገሩ 133 ዓመት መፍጀቱ ነው። ደግነቱ ከሊቃውንቱ አንዱም «ኮረሪማ» የሚለውን የእኛን ቃል አልጣለውም።

ተክሉ የዝንጅብል ዘመድ ሲሆን ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ ደኑ ሲመነጠር አብሮ ይጠፋል። ወላይታ የቅርብ ዘመዱን የዝንጅብልን ጕዳት በሚገባ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የብዙ ገበሬ ማሳ አጥፍቷል። የአንድ ሰብል ገበያ በአንድ ክረምት ሊናጋ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ማስረዳት አያሻም።

ወደ ክሩ እንመለስ። የኮረሪማ ኃይል በዘሩ ውስጥ ያለው ተናኝ ዘይት ነው፤ ከዚህም ዋናው ሲኒዮል ነው። ቅርፊቱ ሳይፈለፈል ከቆየ ዘይቱ ይጠበቃል፤ ተፈጭቶ ከተቀመጠ ግን ይተንናል። ቻይናውያን ሻ ረን የሚሉትን፣ በተለይ በጓንግዶንግ ግዛት በያንግቹን የሚበቅለውን ዘመዱን፣ ለሆድ መነፋትና ለእርጉዝ ሴት ማስታወክ ይሰጡታል። ሐኪሞቻቸው ዘሩ ተወቅጦ መድኃኒቱ ከእሳት ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንዲጨመር ያዝዛሉ። የእኛ እናቶችስ ኮረሪማ ያለበትን መከለሻ ወጡ ሊወርድ ሲል አይደል የሚነሰንሱት? ሁለቱ ወገኖች ሳይማከሩ የደረሱበት ብልሃት አንድ ነው። ዘይታቸው ግን አንድ አይደለም፤ በሻ ረን ውስጥ የሚያመዝነው ቦርኒል አሲቴት ነውና፣ የቻይናውን መጽሐፍ ገልብጦ ለኮረሪማ መድኃኒትነት ማስረጃ ማድረግ ስሕተት ነው።

በአገራችን ኮረሪማ ለሆድ መነፋትና ለማስቀመጥ ሲሰጥ ኖሯል። መጠኑን በሚመለከት ግን ባለቤቶቹ የሚለኩት በፍሬ ቍጥር እንጂ በግራም አይደለም። ስለዚህ «ኮረሪማ ወስጃለሁ» ለሚል ሕመምተኛ ስንት ፍሬ እንደወሰደ ብቻ ሳይሆን፣ ከዛላው ፈልፍሎ ወቅጦት እንደሆነ ወይስ ተፈጭቶ በላስቲክ የቆየ ዱቄት እንደሆነ ልንጠይቀው ይገባል።