ሰሚ ያጣ ማስጠንቀቂያ

በሴት እንቁላል ማምረቻ ላይ የሚነሣው ነቀርሳ ለብዙ ዘመን «ድምፅ የሌለው ገዳይ» ሲባል ኖሯል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ጉድለቱ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የሰሚም ሆኖ ይገኛል።

አሜሪካዊቷ የቀልድ ተዋናይ ጊልዳ ራድነር ድካምና የሆድ ሕመም ለአሥር ወራት ያህል ሲያንገላታት ሌላ ሌላ ምክንያት ሲሰጣት ቆይቶ በሽታዋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር፤ በ1989 በ42 ዓመቷ ዐረፈች። የእርሷ ሞት ብዙ ሕዝብ ስለ በሽታው እንዲጠይቅ አደረገ።

እኛ መሐንዲሶች መፍትሔን ከመሣሪያ መጠበቅ ይቀናናል። ከ2001 ጀምሮ በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሲኤ-125 የተባለው የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ተፈተኑ። በ2021 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው፣ የደም ምርመራው በሽታውን ቀደም ብሎ ቢያሳይም የሟቾችን ቁጥር አልቀነሰም። ቀድሞ ማየት ብቻውን ማዳን አይደለም።

ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ዛሬም ግድ ነው። በ2007 የአሜሪካ የነቀርሳ ሕክምና ማኅበራት የሆድ መነፋት፣ የሆድ ወይም የዳሌ ሕመም፣ ቶሎ መጥገብና የሽንት መቻኮል አዲስ ሆነው ለሳምንታት በየዕለቱ ያህል ከተመላለሱ ሐኪም ሊያያቸው እንደሚገባ አስታወቁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተናግራ ሰሚ ያጣችውስ? እናት፣ እኅት ወይም የሥራ ባልደረባ «ሆዴን ይነፋኛል» ስትል «ያልፋል» ብሎ ዝም ማሰኘት አይገባም።