ከፋራዳይ ቀለበት እስከ ማዮ መንደር

እንደሚታወቀው ስለ ትራንስፎርመር ስናስተምር ቀድመን የምንጠራው ማይክል ፋራዳይን ነው። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥምጥሞችን አሳርፎ፣ በአንደኛው ኮረንቲ ሲከፈትና ሲዘጋ በሌላኛው ላይ የተያያዘው መርፌ ሲወዛወዝ አየ። ሁለቱን ያገናኛቸው ሽቦ ሳይሆን የማግኔት መስክ ነበር። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በጥምጥሞቹ መካከል ሳይፈለግ የሚፈጠረውን ሌላ ግንኙነት ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ቤቨሬጅ በመሬት አቅራቢያ የሚዘረጋ ረጅም ሽቦ ለመቀበያ አንቴና አበጀ። ፖል ጎድሊ በዲሴምበር 1921 በስኮትላንድ አርድሮሳን ይህንኑ አንቴና ዘርግቶ፣ አትላንቲክን ተሻግረው የመጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክቶች ሰማ። የእንዲህ ያለው ሽቦ ኢምፒዳንስ 450 ኦም ገደማ ሲሆን የመቀበያው 50 ኦም ከሆነ፣ ሁለቱን ለማስማማት የጥምጥሞቹ ዙር 3 ለ 1 የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ተጠጋግተው የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች እንደ ኮንደንሰር ይሠራሉ። በመካከላቸው 100 ፒኮፋራድ አለ ብንል፣ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ለኮረንቲ የሚያቀርቡት ተቃውሞ 159 ኦም ብቻ ነው፤ ወደ 10 ፒኮፋራድ ቢወርድ ግን 1,590 ኦም ይደርሳል። ተማሪዎች ይህን ራሳቸው አስልተው ያረጋግጡ። እንግዲህ ከቤት የኤሌክትሪክ መስመርና ከባትሪ መሙያ የሚነሣው ረብሻ በገመዱ ሽፋን ላይ ተጉዞ በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጥምጥሞቹን በእምብርቱ ቀለበት ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ላይ ማራራቅ፣ የሁለቱንም መሬት ለየብቻ ማድረግና፣ ካስፈለገም በመካከላቸው ከመሬት ጋር የተያያዘ ስስ የመዳብ ጋሻ ማስገባት ነው። ጋሻው ቀለበት ሆኖ እንዳይዘጋ ልብ ይሏል፤ ከተዘጋ ራሱ በአጭር የተገናኘ ጥምጥም ይሆናል። የጋሻውም ሐሳብ የፋራዳይ ነው፤ በ1836 በብረት ሽፋን የተከለለ ክፍል ውስጥ ገብቶ የውጭው ኤሌክትሪክ እንደማይደርስበት አሳይቷልና።

ይህ ሁሉ ለምን? በካርቱም ደቡብ የምትገኘው ማዮ፣ በጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ሱዳናውያን የሰፈሩባት መንደር ናት። በኤፕሪል 2023 በከተማዋ ጦርነት ተነሣ፤ በሴፕቴምበርም ማዮ የሚገኘው የጎሮ ገበያ ተደብድቦ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቢቢሲ በሜይ 2023 ለሱዳን የአደጋ ጊዜ ስርጭት በአጭር ሞገድ የጀመረው ስልክና ኢንተርኔት በሚቋረጡበት ጊዜ ራዲዮ ስለሚደርስ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት የትኛው መንገድ ደኅና እንደሆነ የሚነግረው ድምፅ በጩኸት ቢዋጥ፣ የጠፋው ዜና ብቻ አይደለም። በክፍላችን የምናስተምራት ትንሿ ቀለበት የሰውን ሕይወት የምትነካው እዚህ ላይ ነው።