ያለ ቲኬት የተሳፈረ ሰው ዕዳው ምን ያህል ነው?

እንደሚታወቀው በሞያሌ የባቡር ሐዲድ የለም። ከሄሉ ተነሥቶ ናይሮቢ የሚወርድ ሰው የአውቶቡስ ቲኬቱን ለረዳቱ እያሳየ ይጓዛል። ይሁን እንጂ ያለ ቲኬት የተገኘ መንገደኛ ምን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በሰፊው የተነሣው በምድር ባቡር ላይ ስለሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር ቶማስ ኤድመንድሰን የተባለ የጣቢያ ሹም እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ተራ ቁጥር ያለበትን የካርቶን ቲኬት ሥራ ላይ አዋለ። የተሸጠው ቲኬት ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር በቁጥሩ ይመሳከር ስለነበር፣ ቲኬቱ መንገደኛውን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባዩንም ይቆጣጠር ነበር።

ቀጥሎ ሕግ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1889 በዚያው አገር የወጣው የምድር ባቡር ሕግ መንገደኛው ቲኬቱን እንዲያሳይ፣ ከሌለው ዋጋውን እንዲከፍል፣ ይህም ካልሆነ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥ አዘዘ። ሆን ብሎ ላለመክፈል የተጓዘ ግን በመጀመሪያው እስከ 40 ሽልንግ፣ ከደገመ እስከ 20 ፓውንድ ወይም እስከ አንድ ወር እስራት ይቀጣ ነበር። በዚህ ዓይነት ሕጉ ዕዳን ከማታለል ለየ።

ነገር ግን የሰውን ሐሳብ በፍርድ ቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ስለሆነም ኩባንያዎች ሐሳብን ሳይመረምሩ የተወሰነ መቀጫ ወደ ማስከፈል አዘነበሉ። በጀርመን መቀጫው እ.ኤ.አ. በ2015 ከ40 ወደ 60 ዩሮ ከፍ አለ። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከጉዞው ዋጋ በተጨማሪ 100 ፓውንድ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ21 ቀን ውስጥ ለሚከፍል ግማሹ ይቀነስለታል፤ በደል ደረሰብኝ የሚልም ይግባኝ ማለት ይችላል።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ሁለት መንገድ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጣቢያዎቹ ክፍት ስለሆኑ፣ ቲኬት የሌለውን የሚለየው ተቆጣጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር ግን ቲኬትና መታወቂያ የሚታየው ከመሳፈር በፊት ነው። አንዱ አጥፊውን ይይዛል፤ ሌላው ጥፋቱን አስቀድሞ ይከላከላል።

እኛ መምህራን ደብተሩን የረሳውን ተማሪና የቤት ሥራውን ከጓደኛው የገለበጠውን በአንድ ዓይን አናይም። ቲኬት የጠፋበትና የደበቀም እንዲሁ ናቸው። አንድ ዓይነት መቀጫ ሥራ ያቃልላል፤ ፍትሕ የሚሆነው ግን የተቀጣው ሰው የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ተማሪዎች በዚህ ላይ ይከራከሩበት።